ፓምፑ ብቻ ሳይሆን “ቋንቋው”ም ይታይ

የመስኖ ፓምፕ ግዥ ሲታሰብ ቀድመው የሚነሱት የሞተሩ ጉልበት፣ በሰከንድ የሚያወጣው ውኃና ዋጋው ናቸው። ጥያቄዎቹ ተገቢ ቢሆኑም በቂ አይደሉም። ዛሬ ከፓምፑ ጋር የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ኢንቨርተር፣ የውኃ ቆጣሪ፣ የጉድጓዱን የውኃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰር እና ሁሉንም የሚያዝ የመቆጣጠሪያ ሳጥን አብረው ሊመጡ ይችላሉ። እነዚህ መሣሪያዎች ሥራቸውን የሚሠሩት እርስ በርስ ሲግባቡ ነው። የሚግባቡበት ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል።

ፕሮቶኮል ክፍት ወይም ዝግ ሊሆን ይችላል። ዝግ የሚባለው ደንቡን አምራቹ ብቻ ሲያውቀው ነው። ክፍት ከሆኑት አንዱ ሞድባስ ነው። ሞዲኮን የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ለፋብሪካ መቆጣጠሪያዎች ያወጣው ይህ ፕሮቶኮል፣ ዛሬም የልዩ ልዩ ኩባንያዎች ኢንቨርተሮችና ቆጣሪዎች ይሠሩበታል። አርኤስ-485 በተባለው መስመር፣ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል፣ መልእክቱን እስከ 1 ሺህ 200 ሜትር በሽቦ ያደርሳል።

ልዩነቱ የሚታየው ብልሽት ሲያጋጥም ነው። በበጋው ወራት ሽንኩርት ማሳ ላይ እያለ ሴንሰሩ ቢበላሽ፣ ክፍት ፕሮቶኮል የመረጠ ወረዳ ከሌላ አቅራቢ ገዝቶ መተካት ይችላል። ዝግ የገዛው ግን የመጀመሪያውን አቅራቢ ደጅ ይጠናል። ሽንኩርቱ ደግሞ ግዥ እስኪጠናቀቅ አይጠብቅም።

“ክፍት” የሚለው ቃል ሰነድ ላይ መስፈሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ሞድባስ ቁጥር ያደርሳል እንጂ የቁጥሩን ትርጉም አይናገርም። 235 የሚል ቁጥር ሲመጣ 235 ይሁን 23.5 የሚታወቀው ከአምራቹ የሬጅስተር ዝርዝር ነው። ሻጭ በቁና፣ ገዥ በኪሎ እያሰበ ሒሳብ እንደማይገጥም ሁሉ፣ ዝርዝሩ ከሌለ አዲሱ መሣሪያና ነባሩ ሳጥን አይግባቡም።

ስለሆነም የወረዳ ግዥና የመስኖ ባለሙያዎች ክፍት ፕሮቶኮልን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ እንደ ግዴታ ሊያስቀምጡ ይገባል። በርክክብ ወቅትም የሬጅስተር ዝርዝሩን፣ የየመሣሪያውን አድራሻ፣ የሽቦ ንድፉን፣ የመቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ቅጂና የይለፍ ቃሉን ሳይረከቡ የመጨረሻውን ክፍያ መፈጸም የለባቸውም። የይለፍ ቃሉ ባልሠለጠነ እጅ ይገባል የሚል ስጋት ሊነሳ ይችላል። መፍትሔው በታሸገ ፖስታ በወረዳው ካዝና ማስቀመጥ እንጂ ለአቅራቢው ብቻ መተው አይደለም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ሞድባስ ሲፈጠር ጀምሮ ትእዛዝ የሚሰጠውን አካል ማንነት የሚያጣራበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ፓምፑን ከርቀት ለመቆጣጠር ሲባል ያለ ጥበቃ በቀጥታ ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው።

አርሶ አደሩም ተመልካች ብቻ ሊሆን አይገባም። የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ተወካዮች በርክክቡ ላይ ተገኝተው አንድ ነገር በዓይናቸው ማየት አለባቸው፤ የመገናኛ ሽቦው ሲነቀል ፓምፑ በእጅ ይነሳል? ካልተነሳ ርክክቡ አልተጠናቀቀም። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ይህን ጥያቄ ማንሳት የሚቀለው ማሳው ውኃ ከመጠማቱ በፊት ነው።