ቤተሰብ ነን ወይስ ሠራተኛ?

አለቆቻችን «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» ይሉናል። ቤተሰብነታችን ትዝ የሚላቸው ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ «ይቺን ጨርሳችሁልኝ ሂዱ» ሲሉ ነው። ጠዋት አስር ደቂቃ ካረፈድን ወዲያው ሠራተኛ እንሆናለን።

ወዳጆቻችን፣ ሥራ ውል እንጂ ውለታ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በላይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሠራነው ቢያንስ የመደበኛው ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ ይገባናል። ግን ማን ደፍሮ ይጠይቅ? «ምስጋና ቢስ» መባል አለ።

እርግጥ እኛም ንጹህ አይደለንም። ለማኪያቶ ወጥተን የምንቀረውን፣ ፌስቡክ ላይ የምናፈጠውን ሰዓት ማን ቆጠረው? የሸጥነውን ሰዓት ሳንሰርቅ እናስረክብ። ትርፉ ግን ወይ ይከፈለን፣ ወይ በጊዜ ወደ እውነተኛው ቤተሰባችን እንግባ።