አልማሌክሲያን ማን አሳበዳት?

«የቪዲዮ ጨዋታ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ምን ይሠራል?» የሚሉ ወገኖች አሉ። መልሳችን አጭር ነው። ሃይማኖት ፈጥሮ፣ ለሃይማኖቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጽፎ፣ በመጻሕፍቱ ላይ መናፍቃን አስነሥቶ፣ መናፍቃኑን የሚያሳድድ ወታደር አሰልፎ፣ በመጨረሻ ወደ አንባቢው ዞሮ «በል እንግዲህ ፍረድ!» የሚል ሥራ ሥነ ጽሑፍ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በዚህ ነጥብ ላይ ቀለም አናባክንም። የእኛ ጠብ ጨዋታውን ከሚንቁት ጋር አይደለም። ጨዋታውን እንወዳለን እያሉ የሰጣቸውን ሁሉ ሳያላምጡ ከሚውጡት ጋር ነው።

«ሞሮዊንድ»ን ማለታችን ነው። የአሜሪካው ቤተስዳ ኩባንያ በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ «ኤልደር ስክሮልስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ሦስተኛ ክፍል። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ «ትሪቡናል» የተባለ ተጨማሪ ክፍል ወጥቶለታል። አቋማችንን ከወዲሁ እናስቀምጥ፤ ይህ ጨዋታ በእንስት አምላኩ በአልማሌክሲያ ላይ ፍርደ ገምድል ሆኗል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ፍርዱ ራሱ ጨዋታው ካስተማረን ትምህርት ጋር መጣላቱ ነው።

ለማያውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። ሞሮዊንድ የደንመሮች አገር ነው፤ ቆዳቸው አመድ፣ ዓይናቸው ፍም የመሰለ ሕዝብ ናቸው። ሦስት ሕያዋን አማልክት አሏቸው፦ አልማሌክሲያ፣ ሶታ ሲልና ቪቬክ። የሦስቱ ስም ተቆርጦ ሲቀጣጠል «አልምሲቪ» ይሆናል፤ ይህን ስም በድግምት የጠራ መንገደኛ በአቅራቢያው ካለው ቤተ መቅደስ ደጃፍ ራሱን ያገኘዋል። አልማሌክሲያ እናት ናት፣ ፈዋሽ ናት፣ የደካማ መጠጊያ ናት። ቪቬክ ጦረኛና ባለቅኔ ነው። ሶታ ሲል በገዛ እጁ በሠራት፣ እንደ ሰዓት በጥርስና በጥርስ በምትዞር ከተማ ውስጥ የተሸሸገ ምሥጢረኛ ነው።

ሥርዓቱም ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። ተጫዋቹ ወደ ቤተ መቅደሱ ከገባ ይሳለማል። ቪቬክ የእርሻ እንስሳው የሞተበትን ገበሬ ተክቶ ማሳ ውስጥ ሠርቷል ወደሚባልበት ስፍራ ሲሄድ የሚያቀርበው ስጦታ ወርቅ ሳይሆን ጭቃ ነው። በሌላው ስፍራ ደግሞ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለመስመጥ ራሱን አሳልፎ ካልሰጠ በቀር መንገዱ አይከፈትለትም። እምነት በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም፤ እጅና ሳንባ ድረስ ይደርሳል።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ሥር የተቀበረ ነገር አለ። የሦስቱ አምላክነት የተሰረቀ ነው። ከቀዩ ተራራ ሥር የአንድ የሞተ አምላክ፣ የሎርካን ልብ አለ፤ ካግሬናክ የተባለው የድዌመሮች ሊቅ የሠራቸው መሣሪያዎች ደግሞ ከዚያ ልብ ኃይል ይቀዳሉ። የጦር አለቃው ኔሬቫር የአልማሌክሲያ ባል ነበር፤ ሁለቱ ወንዶች አማካሪዎቹ ነበሩ። በመሣሪያዎቹ እንዳይጠቀሙ አማላቸው። እሱ ሞተ፤ እነሱ ተጠቀሙ።

እንዴት ሞተ? የቤተ መቅደሱ ትምህርት ከጦርነቱ ባገኘው ቁስል ነው ይላል። የአመድ ምድር ዘላኖች ግን ሦስቱ ገደሉት ይላሉ። ቤተ መቅደሱ ራሱ ከምእመናን ሸሽጎ ባስቀመጠው ጽሑፍ ይኸው የዘላኖች ትውፊት ተመዝግቧል፤ አልማሌክሲያ የተመረዘ ሻማ፣ ሶታ ሲል የተመረዘ ልብስ፣ ቪቬክ የተመረዘ ጸሎት አዘጋጁለት። ይህን አደባባይ ላይ የተነፈሰ ቄስ ወዴት ይላካል? ከቪቬክ ከተማ በላይ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በቆመ ቋጥኝ ውስጥ ወደ ተፈለፈለ እስር ቤት። የእስር ቤቱ ስም ደግሞ «የእውነት ሚኒስቴር» ነው። ይህን የጻፈ ሰው ቀልድ ያውቃል!

ልብ በሉ፤ ጨዋታው የትኛው ትረካ እውነት እንደሆነ ቁርጡን አይነግረንም። «ማን ጻፈው? ለማን ጻፈው? ማን ተጠቀመበት? ማንስ ዝም እንዲል ተደረገ?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድደናል። በሰብአዊ ትምህርት ክፍሎች አራት ዓመት ሙሉ ሊያስተምሩን የሚደክሙት እኮ ይህንኑ ነው። ስለዚህ እናመሰግናለን። አሁን ወደ ክሳችን።

አንደኛ፤ ወንጀሉ የሦስት፣ ችግሩ የሦስት፣ እብደቱ የአንዷ ሆነ። በጨዋታው ዘመን አቆጣጠር በሁለተኛው ዘመን 882 ዳጎት ኡር ከእንቅልፉ ነቅቶ የልቡን መንገድ ዘጋባቸው። ከዚያ ወዲህ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሦስቱም ኃይላቸውን ማደስ አልቻሉም፤ ሦስቱም እንደ ዘይት እንዳለቀባት ኩራዝ እየመነመኑ ሄዱ። ቪቬክ ምን ሆነ? በጎስትፌንስ፣ በመናፍስት አጥሩ፣ ጠላትን እያገደ አዛውንት ፈላስፋ ሆነ። ሶታ ሲልስ? ዝምተኛ መናኝ። አልማሌክሲያ ግን አበደች ተባለ። ያው የኃይል ረሃብ ወንዱን ሲያስተክዝና ሲያመንን ሴቷን የሚያሳብድበት ምክንያት ምንድን ነው? ጨዋታው አይነግረንም። እኛም «መቼስ ሴት አይደለች» ብለን አለፍን።

ሁለተኛ፤ ቪቬክ ሠላሳ ስድስት ትምህርቶች ተጽፈውለታል። ትምህርቶቹ ሰምና ወርቅ ናቸው። በውስጣቸው በቁጥር የተሰወረውን ምሥጢር የፈታ አንባቢ የቪቬክን ኑዛዜ ያገኛል፤ አምላክነቱ የስርቆት መሆኑን፣ በኔሬቫር ደም ውስጥ እጁ መኖሩን። የመጨረሻው ትምህርት የአንቀጾች መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙም ግድያውን ይናገራሉ። እንግዲህ ወንዱ ነፍሰ ገዳይ የሚናዘዝበት ቅኔ ተሰጠው። ለአልማሌክሲያስ ምን ተሰጣት? የተባረከችው አልማሌክሲያ ስብከቶች የምትባል አንዲት መጽሐፍ፤ ስለ እንስሳትና ስለ ሐኪም የምታወራ የልጆች ተረት። ሰም ብቻ! ወርቅ የላትም። እሷስ የገደለችው ባሏን አይደለም ወይ? ከሦስቱ ሁሉ ይልቅ የእሷ ኑዛዜ አያጓጓም ወይ?

ሦስተኛ፤ ቪቬክን ተጫዋቹ ከፈለገ ይገድለዋል፣ ከፈለገ ይተወዋል፤ ቁጭ ብሎም ያወያየዋል። አልማሌክሲያ ላይ ምርጫ የለም። «ትሪቡናል»ን የሚጨርስ ሁሉ እሷን መግደል አለበት። ሰይፍ ተመዝዞ ካለቀ በኋላ ብቸኛ አምላክ ለመሆን መፈለጓን ትናገራለች፤ ወዲያው ትሞታለች። ከዚያስ? አዙራ ተገልጣ ሞቷ ለሕዝቡ መልካም መሆኑን ትመሰክራለች። አዙራ ማናት? የሦስቱ የጥንት ባላንጣ! «ተናጋሪውን መርምሩ» ያለን ጨዋታ የመዝጊያውን ቃል ለባለ ደሟ አስረክቦ መጋረጃውን ዘጋ። ይህ ከእበላ ባይ ዳኛ በምን ይለያል?

እስቲ ድርጊቷን እንደ እብደት ሳይሆን እንደ ድርጊት እናንብበው። ኃይሏ እያለቀ ነው። በከተማዋ በሞርንሆልድ ጎዳና የዘመን ፍጻሜ ደረሰ የሚሉ ሰባኪዎች ምእመኗን ይወስዱባታል። ሟች ባልሽ ተመልሶ መጣ የተባለ ጀግና ደግሞ ደጇ ቆሟል። ምን ታደርጋለች? በከተማዋ ላይ የአመድ ማዕበል ታስነሣለች፤ ሕዝቡ ይፈራ ዘንድ። የብረትና የሥጋ ድብልቅ የሆኑ ፍጡራን አደባባዩን እንዲወርሩ ታደርግና «ሶታ ሲል አብዷል፤ እሱ ነው የላካቸው» ትላለች። እሱን ግን አስቀድማ ገድላዋለች። ጀግናውንም ለመስዋዕትነት ታጫለች፤ የሞተ ጀግና አይከራከርምና።

ጎበዝ፣ ይህ እብደት ነው? ይህ እኮ ፖለቲካ ነው! ሥልጣኑ የሚያመልጠው ገዥ አደጋውን ራሱ ይፈጥራል፤ ከዚያ ከአደጋው አዳኝ ራሱ ሆኖ ይቀርባል። ቀዝቃዛ፣ የተሰላ፣ ጨካኝ ሥራ ነው። ልብ ያለው አንባቢ አንድ ሌላ ነገርም አያመልጠውም፤ «አበደ» የሚለውን ቃል ባላንጣን ለማስወገጃ መጀመሪያ የተጠቀመችበት እሷ ራሷ ናት። በሶታ ሲል ላይ ያልነውን ሳናምን ቀርተን በእሷ ላይ የተባለውን ግን አሜን ብለን ተቀበልን።

«አበደች» የሚለው ቃል ማንን ይጠቅማል? ዙፋኑን ይጠቅማል። ጥፋቱ የአንዲት ሴት ጭንቅላት መታወክ ከሆነ ስለ ዙፋኑ አሠራር የሚጠይቅ የለም፤ በሐሰት የቆመ አምላክነት ለምን ሁልጊዜ አዲስ ሐሰት እንደሚያስፈልገው አይጠየቅም። ተጫዋቹንም ይጠቅማል፤ ሰይፉን ጠርጎ በሰላም ይተኛል።

የሚመጣብንን መልስ እናውቃለን። «ቢሆንም ነፍሰ ገዳይ ናት» ይሉናል። አዎ፣ ናት። ንጹሕ ናት አላልንም፤ ቃል አልተሰጣትም ነው ያልነው። ነፍሰ ገዳይም ፍርድ ቤት ቃሉን ይሰጣል። «ተጨማሪው ክፍል አጭር ስለሆነ ነው» የሚሉም አሉ። እሺ፣ አጭር ይሁን፤ ግን ጸሐፊ ቦታ ሲያጥረው የሚሮጥበት አቋራጭ የትኛው እንደሆነ እዩልን። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ዓይነት፣ ከየአገሩ ቤት የማይጠፋው አሮጌ አቋራጭ ነው። ሌሎች ደግሞ «በ2014 በወጣው የኢንተርኔት ጨዋታ አልማሌክሲያ ጤነኛና አስተዋይ ገዥ ሆና ትታያለች» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ታሪክ የሚፈጸመው ከ«ሞሮዊንድ» መቶዎች ዓመታት ቀድሞ ነው። በአስተዋይዋ እናትና በገዳይዋ መካከል ያለው ገደል አሁንም ድልድይ የለውም። እንዲያውም ሰፋ።

«ምን ቸገረን? የፈረንጅ ተረት ነው» ለሚለው ወዳጃችን አንድ ጥያቄ ብቻ እናቅርብ። ስለ ዮዲት ጉዲት የምታውቀውን ከማን ሰማህ? አክሱምን አቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች ከሚሏት ወገኖች ብዕር። ከአፏ የወጣ አንድ ቃል በእጃችን የለም። አቃጥላም ይሆናል፤ ክርክራችን እሱ አይደለም። ክርክራችን አንድ ወገን ብቻ የተናገረበትን መዝገብ ሙሉ መዝገብ ነው ብለን እንዳንዘጋ ነው። ስሟ ራሱ ስድብ ሆኖ የደረሰን ሰው ስትሆን ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

ከዚያም ወደ ገዛ ደጃችን እንምጣ። በግቢያችን የሚጻፉትን አጫጭር ልብ ወለዶች አንሡና ቁጠሩ። ስንቷ ሴት ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ገጽ ታብዳለች? ስንቷ ገደል ትገባለች? ወንዱ ሲከፋው ሲጋራ ለኩሶ ሦስት ገጽ ያስባል፤ እሷ ሲከፋት ፀጉሯን ፈትታ ጎዳና ትወጣለች፤ ታሪኩም ያልቃል። ጸሐፊው እንደ «ትሪቡናል» ቦታ አጥሮት ነው እንበል? ሦስቱን የሲጋራ ገጾች ከየት አመጣቸው?

ስለዚህ እንላለን፦ ጨዋታውን ተጫወቱት፤ ይጠቅማል። ነገር ግን ሞርንሆልድ ስትደርሱ ቪቬክ ከተማ ላይ የተማራችሁትን ደጃፍ ላይ ጥላችሁ አትግቡ። የምትጽፉም ጻፉ፤ ሴት ገጸ ባሕርያችሁን ክፉ አድርጓት፣ ነፍሰ ገዳይ አድርጓት፣ ከፈለጋችሁም ግደሏት። ከመግደላችሁ በፊት ግን ቃሏን ተቀበሉ።