መልሱ ቀረበ፣ ተናጋሪው የታለ?

እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 አንድ ተጠቃሚ ቺዙ ከፒዛው ላይ እየተንሸራተተ ስላስቸገረው ጎግልን መላ ጠየቀ። ከገጹ አናት ላይ ብቅ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጠቃለያ ወደ ስጎው የኩባያ አንድ ስምንተኛ ያህል መርዛማ ያልሆነ ሙጫ ቢጨምርበት እንደሚያዝለት መከረው። በቀን ስንት ድንጋይ መብላት እንደሚገባ ለጠየቀ ሌላ ሰው ደግሞ ቢያንስ አንድ ትንሽ ድንጋይ ታዘዘለት። አገልግሎቱ ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች በይፋ ከተከፈተ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላውም ነበር።

ዓለም ሳቀና አለፈ። የሁለቱን መልሶች ምንጭ የተከታተለ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የሙጫው ምክር ሬዲት በተባለው የውይይት መድረክ ላይ ከዚያ 11 ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ ቀልድ ነው፤ የድንጋዩ ደግሞ ‹ዘ ኦኒየን› ከተባለው የስላቅ ጋዜጣ የመጣ ነው። ሬዲት ላይ ያነበበው ሰው የጸሐፊውን የቅጽል ስምና የአካባቢውን ጨዋታ እያየ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ‹ዘ ኦኒየን›ን የሚያውቅ አንባቢም ድንጋይ አይቆረጥምም። ያው ዓረፍተ ነገር ተናጋሪው ተገፎ ከጎግል አናት ላይ ሲቀመጥ ግን ቀልድነቱ ቀርቶ የባለሙያ ምክር ይመስላል። ማሽኑ ቃሉን በትክክል ወስዷል፤ የጣለው ተናጋሪውን ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ የሚካሄደው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ምን ያህል ይሳሳታል በሚለው ላይ ይሽከረከራል። የጎግል ፍለጋ ኃላፊ ሊዝ ሪድ በዚያው ወር መጨረሻ ባወጡት ማብራሪያ የስላቅ ገጾችና ተጠቃሚዎች የሚጽፏቸው አስተያየቶች ለምክር ምንጭነት የሚውሉበትን መንገድ ማጥበባቸውን ገልጸዋል። እውነትም ሙጫ የሚያዝዝ መልስ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ይሁንና ስህተቱ ቢቀንስም ዋናው ጥያቄ አይመለስም። አንድ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ይስማማል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው «አዎ» ወይም «አይ» የሚል ቃል ብቻ አይበቃውም፤ ያለው ሐኪም ነው፣ አምራቹ ነው ወይስ ሻጩ? ሽማግሌ የባልና የሚስትን ቃል ሳይሰማ አንድ ሰው አሳጥሮ በነገረው ይፍረድ ቢባል ማን ይስማማል?

የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረትና ቢቢሲ በኦክቶበር 2025 ያወጡት ጥናት ይህንኑ ያጠናክራል። ጥናቱ የፈተሸው የፍለጋ ማጠቃለያን ሳይሆን እንደ ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ያሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶችን ነው፤ የሚሠሩት ሥራ ግን የቅርብ ዘመድ ነው። የ18 አገሮች 22 የሕዝብ ማሰራጫዎች ስለ ዜና የተሰጡ መልሶችን መርምረው 45 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ ከባድ ጉድለት እንዳለባቸው አገኙ። ከባድ የትክክለኛነት ችግር የታየው በ20 በመቶዎቹ ሲሆን፣ የምንጭ አጠቃቀም ችግር ግን 31 በመቶ ደርሷል።

ታዲያ ማስፈንጠሪያው ከማጠቃለያው ጎን ተቀምጦ የለም ወይ? አለ። የሚነካው ግን የለም ማለት ይቻላል። ፒው የምርምር ማዕከል የ900 አሜሪካውያንን የማርች 2025 አሰሳ ተከታትሎ ነበር። ማጠቃለያ ካልመጣላቸው ፍለጋዎች በ15 በመቶው ተጠቃሚዎች አንድ የውጤት ማስፈንጠሪያ ሲጫኑ፣ ማጠቃለያ ሲመጣ ቁጥሩ ወደ 8 ወረደ። በማጠቃለያው ውስጥ የተሰጠውን ምንጭ የከፈቱት በ1 በመቶው ብቻ ነው።

የዚህ ዕዳ የሚወድቀው በጸሐፊው ላይ ነው። ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው ዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን በ2025 የሰው ጎብኚዎቹ ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ሲነጻጸሩ 8 በመቶ ያህል መቀነሳቸውን አስታውቆ ከምክንያቶቹ መካከል ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠቅሷል። የ‹ሮሊንግ ስቶን› ባለቤት ፔንስኪ ሚዲያም በማጠቃለያው የተነሳ በዚያው ዓመት ጎግልን ከሷል። «አልፈልግም ማለት ትችላላችሁ» የሚለው መልስ ደግሞ ቀልድ ይመስላል። ገጹ በማጠቃለያ እንዳይገባ የሚከለክለው ምልክት በተራው ውጤት ሥር የምትታየውን አጭር መግለጫም ያጠፋል፤ ገጾችን የሚሰበስበውን የጎግል ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ መዝጋት ደግሞ ከፍለጋው ዓለም መውጣት ነው። ለነገሩ የጥንቱም ፍለጋ ገነት አልነበረም። አንድ የወጥ አሠራር ለማግኘት የሴት አያትን ታሪክና አምስት ማስታወቂያ ማለፍ ግድ ሆኖ ቆይቷል። የሞባይል ዳታ ጥቅል እየገዛ ለሚጠቀም ሰው አሥር ገጽ ከመክፈት አንድ አንቀጽ ማንበብ ገንዘብ ይቆጥባል። ኪሎሜትርን ወደ ማይል ለመቀየርም ምስክር አያስፈልግም።

በአማርኛ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው አማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው። ማሽኑ የሚያጠቃልለው በቂ ጽሑፍ በሌለበት ቦታ አንድ ግድ የለሽ ገጽ የመላው ቋንቋ ቃል ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩም አለ፦ የድንቅነሽ አጽም በሐዳር የተገኘው በኅዳር 1967 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንጆቹ 1974 ይላሉ። ገጹን የከፈተ አንባቢ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ከዙሪያው ይረዳል። ቁጥሩ ብቻ ተነቅሎ ማጠቃለያ ውስጥ ከገባ ግን ሰባት ዓመት በአንዴ ይጠፋል። ጥቂት የሆኑት የአማርኛ ጸሐፊዎች ጎብኚ ካጡ ደግሞ ነገ የሚጠቃለል ነገር ራሱ አይኖርም።

ስለዚህ ማጠቃለያው በፍለጋ ውስጥ ቦታ ይኑረው፤ ሲጠራ ይምጣ እንጂ ሳይጠራ አናት ላይ አይቀመጥ። ስለ ጤና፣ ስለ ሕግና ስለ ዕለቱ ዜና ሲጠየቅ የተናጋሪዎቹን ስም ከነቃላቸው ያስቀድም። ገጹን ለማጠቃለያ የማይሰጥ ጸሐፊም ከተራው ፍለጋ ሊባረር አይገባም፤ የአውሮፓ ኮሚሽን በዲሴምበር 2025 በጎግል ላይ የከፈተው ምርመራ ከሚያያቸው ነጥቦች አንዱ ይኸው ነው። ምርጫውን ለተጠቃሚው መስጠት በቴክኒክ አይከብድም። ጎግል ራሱ ማጠቃለያውን ባስጀመረበት በሜይ 2024 ማስፈንጠሪያዎችን ብቻ የሚያሳይ ‹ድር› የሚባል ማጣሪያ አብሮ አውጥቷል፤ ያስቀመጠው ግን ብዙ ጊዜ ከሌሎች ምርጫዎች ኋላ ተደብቆ ነው።