ካምቢዮው ተለወጠ፤ ሽቦውስ?

አውቶማቲክ ካምቢዮ የተበላሸበት ባለመኪና ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ውዱን ጥገና ይከፍላል፣ ወይ መኪናውን ወደ ማኑዋል ያስለውጣል። ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ስለ ፍሪሲዮኑና ስለ ማርሽ ዘንጉ ብዙ ይጠይቃል። ስለ ኤሌክትሪክ መስመሩ የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ይነሣል?»

በቅርቡ በአንድ ጋራዥ እንዲህ ያለ ሥራ ሲጠናቀቅ ተመልክተናል። ከብረቱ ወገን ሲታይ ሥራው የሚያስመሰግን ነበር። ከካምቢዮው በላይ ግን ሁለት ሽቦዎች ተልጠውና እርስ በርስ ተጠማዝዘው በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልለዋል። መኪናውም ይነሣል። እኛ ግን ይህ ሥራ ተጠናቋል ሊባል አይገባም እንላለን።

በአውቶማቲክ መኪና ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው መስመር በተለመደው አሠራር በካምቢዮው ላይ ባለ ማብሪያ በኩል ያልፋል። ማብሪያው መስመሩን የሚያገናኘው ዘንጉ «ፓርክ» ወይም «ኒውትራል» ላይ ሲሆን ብቻ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ ራሱ አውቶማቲክ መኪና ማርሽ ውስጥ እንዳለ ሞተሪኖው እንዳይሠራ ያስገድዳል። አሮጌው ካምቢዮ ሲወርድ ማብሪያው አብሮ ይወርዳል፤ መስመሩም ይቋረጣል። ሁለቱን ጫፎች ማገናኘት መስመሩን ይቀጥላል፤ ጥበቃውን ግን ያጠፋዋል።

የሚያስከትለውን በቁጥር እንመልከት። ሞተሪኖው ሞተሩን በደቂቃ 200 ዙር ያዞራል፣ የአንደኛ ማርሽና የዲፈረንሻል ጥምር ቅነሳም 14 ነው እንበል። ፍሪሲዮን ካልተረገጠ ጎማው በደቂቃ ከ14 ዙር በላይ ይዞራል። ዙሪያው 1.8 ሜትር ከሆነ መኪናው በሴኮንድ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል ማለት ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በደቂቃ 750 ዙር ከያዘ ደግሞ ፍጥነቱ በሴኮንድ 1.6 ሜትር ይደርሳል። ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ለፊት ለቆመ ሰው ይህ ርቀት ትንሽ አይደለም።

«ፍሪሲዮን ሳይረገጥ የሚነሡ የቆዩ ማኑዋል መኪኖች ሞልተዋል፤ ዜሮ መሆኑን የሚያረጋግጠው አሽከርካሪው ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ የጠቀስነው ሕግም የሚናገረው ስለ አውቶማቲክ ብቻ ነው። ሆኖም የዚህ መኪና ባለቤት ለዓመታት ሲነዳ የኖረው አውቶማቲክ ስለሆነ ልማዱ የለውም። ከዚያም በላይ ማኑዋል ካምቢዮ «ፓርክ» የለውም፤ ስለዚህ በዳገት ላይ የሚቆም መኪና ማርሽ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ጠዋት ቁልፉን የሚያዞረው ደግሞ ሁልጊዜ ማታ ያቆመው ሰው አይደለም።

መፍትሔው እነዚያኑ ሁለት ሽቦዎች በፍሪሲዮን መርገጫው ላይ ወዳለ ማብሪያ መውሰድ ነው። የሞተሪኖው ሶሌኖይድ ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ስለሚችል ትንሿ ማብሪያ ሪሌን ብታዝ፣ ከባዱን ጅረት ሪሌው ቢሸከም ይመረጣል።

ሌላው ጣጣ ኮምፒውተሩ ነው። ካምቢዮውንና ሞተሩን አንድ ኮምፒውተር በሚቆጣጠርበት መኪና፣ የአውቶማቲኩ ሶሌኖይዶች ሲጠፉ የሞተር ማስጠንቀቂያው መብራት ይበራል። ዘወትር የሚበራ መብራት ደግሞ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ የሚናገረው አዲስ ነገር አይኖረውም። አንዳንዶች ኮምፒውተሩን ለማታለል በሶሌኖይዶቹ ቦታ ሬዚስተር ያስገባሉ። የኦም ሕግን የተማረ ሁሉ አደጋውን ማስላት ይችላል፦ 14 ቮልት በ14 ኦም ላይ ሲያርፍ 1 አምፔር ያልፋል፤ 14 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። በቤተ ሙከራችን የምናውቃት የሩብ ዋት ሬዚስተር ይህን ልትችል አትችልም። ከተቻለ የዚያኑ ሞዴል የማኑዋል ኮምፒውተር መግጠም ይሻላል።

የኋላ ማርሽ መብራት ቀላል ነው፤ በአዲሱ ካምቢዮ ላይ ያለው ማብሪያ የቀድሞዎቹን ሽቦዎች ይቀበላል። የፍጥነት ጠቋሚው ግን ከሚታወቅ ርቀት ጋር ሊመሳከር ይገባዋል።

መኪናውን ከመረከብ በፊት የሚደረገው ፈተና አጭር ነው። ከፊትም ከኋላም ሰው በሌለበት ሜዳ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ አንደኛ ላይ ሆኖ፣ ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ቁልፉ ለቅጽበት ይዞራል። ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም።

በዚያ ጋራዥ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የመጣው የፍሪሲዮን መርገጫ ማብሪያው ከነሶኬቱ ተንጠልጥሎበት ነበር።