መጀመሪያ ክሊኒኩ፣ ቀጥሎ ባለሱቁ

በደቡብ አፍሪካዋ ቴምቢሳ ቀኑ የሚጀምረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ወደ ኬምፕተን ፓርክና ሚድራንድ ለሥራ የሚሄደው ሕዝብ ታክሲ ሊይዝ ሲወጣ፣ ዳቦና ወተት የሚገዛባቸው ትንንሽ ሱቆች ተከፍተው ይጠብቁታል። በዚህ ሎኬሽን በሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር ንግድ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ዓመታት አስቆጥረዋል። ከባንኮኒው ጀርባ የምትቆመው ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ ጠዋት ጠዋት ሲያቅለሸልሻት ከደስታዋ እኩል የሚመጣባት ጭንቀት አለ፤ ለባለሱቁ መቼ ይነገረው?

ብዙዋ ሐበሻ መልሱን ከእናቷ ቤት ይዛው መጥታለች። ሆድ እስኪገፋ ዝም ይባላል። ዓይን አለ፣ ወሬ አለ። ይህን ልማድ አጉል እምነት ብሎ ማጣጣል ግን ልክ አይደለም። ፅንስ ከጨነገፈ የሚጨነግፈው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ዛሬ "አርግዣለሁ" ብላ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሐዘኗን ሳትጨርስ "ወረደብኝ" ብላ ለአሠሪዋ ማስረዳት የማትፈልግ ሴት ያላት ምክንያት ከበቂ በላይ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ሕግም አያጣድፋትም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመሠረታዊ የሥራ ሁኔታዎች ሕግ ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል። በምላሹ የሚጠይቃት ፈቃዱ የሚጀምርበትንና ወደ ሥራ የምትመለስበትን ቀን ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቅ ነው። ስትቀጠርም እርግዝናዋን እንድትናገር አትገደድም። በ2000 የአገሪቱ የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት፣ በቅጥር ቃለ መጠይቅ ላይ እርግዝናዋን አልተናገረችም ተብላ የተባረረች አንዲት የጥብቅና ተለማማጅን ጉዳይ አይቶ ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ብሏል።

ዝምታው ግን ክሊኒክ ድረስ መዝለቅ የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው ምርመራ በ12 ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ይመክራል፤ የደም ግፊት፣ የደም ማነስ፣ የኤችአይቪ ምርመራ ሆድ እስኪገፋ የሚጠብቁ ነገሮች አይደሉም። ብዙዎች የሚቀሩት በፍርሃት ነው። ወረቀት የለኝም፣ ይመልሱኛል ይላሉ። ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድን የውጭ ዜጎችን ከሕክምና ተቋም በር ሲመልስ ስለታየ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ሕጉ ግን ከእናትየዋ ጋር ነው። የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2023፣ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ሰነድ ኖራትም አልኖራትም በመንግሥት የጤና ተቋማት በነፃ የመታከም መብት እንዳላት አረጋግጧል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነገራት የክሊኒኩ ነርስ ትሁን። ባለሱቁን በተመለከተ ቀኑን የሚወስነው የሥራው ዓይነት መሆን አለበት። ገንዘብ ተቀባይ ሆና ተቀምጣ የምትውል ሴት ሦስተኛው ወር እስኪያልፍ ብትታገሥ የምታጣው ነገር የለም። የዱቄት ጆንያና የለስላሳ ሳጥን የምታነሣ፣ ማታ እስከ መዝጊያ ሰዓት የምትቆም ሴት ግን መቆየት የለባትም። ሕጉ ለእሷና ለፅንሷ አደገኛ የሆነ ሥራ እንድትሠራ መገደድን ይከለክላል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የምትሠራ ከሆነም አሠሪው የሚቻለው እስከሆነ ድረስ ሌላ ተስማሚ ሥራ እንዲሰጣት ያዛል። ይህን መብት ሳይናገሩ መጠየቅ አይቻልም።

ከባዱ ነገር ባለሱቁ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ መሆኑ ነው። ምናልባት የመንገዷን ወጪ የሸፈነው እሱ ነው። ቅጥሩ በቃል፣ ደመወዙ በእጅ ነው። እንዲህ ባለው ቤት "ጋሼ፣ ነፍሰ ጡር ነኝ" ማለት ውለታ እንደመርሳት ይቆጠራል። "በቃ ቤትሽ ዕረፊ" የሚለው መልስም ብዙ ጊዜ ከልብ በሆነ አዘኔታ ይነገራል፤ ያም ሆኖ ስንብት ነው።

የዝምታ ጉዳት እዚህ ላይ ይገለጣል። በእርግዝና ምክንያት ማሰናበት በ1995ቱ የሥራ ግንኙነት ሕግ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ሲሆን፣ ካሣው እስከ 24 ወር ደመወዝ ይደርሳል። በ2006 በአንድ ቤት ልጆች ስትንከባከብ አርግዛ የተባረረች ሠራተኛ የ12 ወር ደመወዝና ተጨማሪ 25,000 ራንድ ተፈርዶላታል። ነገር ግን አሠሪው "ማርገዟን አላውቅም ነበር፣ ያሰናበትኳት ገበያው ስለቀዘቀዘ ነው" ካለ፣ ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ የሌላት ሴት ክርክሯ ይሳሳል። በቃል ብቻ የተነገረ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይካዳል። ስለዚህ ለጋሼ ፊት ለፊት በአክብሮት ይነገረው፤ የዚያኑ ዕለት ግን በዋትሳፕ አጭር መልእክት ይከተል፤ "ዛሬ እንደነገርኩዎት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እንደ ክሊኒኩ ግምት የምወልደው በዚህ ወር ነው።" ቀን ያለበት መልእክት ማንንም አይሰድብም፤ ዝምድናንም አያፈርስም።

የሥራ ፈቃድ የላትም ማለት መብት የላትም ማለት እንዳልሆነም ልታውቅ ይገባል። የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ፈቃዱ ያለፈበት የውጭ ዜጋም ከአግባብ ውጭ ሲሰናበት ሕጉ እንደሚጠብቀው ወስኗል። ሲሲኤምኤ የተባለው የሥራ ክርክር ኮሚሽን አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላል፤ የስንብት አቤቱታ የሚቀርበው ግን በ30 ቀን ውስጥ ነው። "ያስታርቁናል" እየተባለ ሽማግሌ ሲመላለስ 30 ቀኑ ሊያልፍ ይችላል።

የወሊድ ፈቃዱ ክፍያም ከአዲስ አበባው የተለየ ነው። በአገር ቤት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ከፋዩም አሠሪው ነው። በደቡብ አፍሪካ አሠሪው በፈቃዱ ጊዜ ደመወዝ እንዲከፍል ሕጉ አያስገድደውም። የሚከፍለው ዩአይኤፍ የተባለው የሥራ አጥነት መድን ፈንድ ነው፤ በሕግ እስከተወሰነው የገቢ ጣሪያ ድረስ የደመወዟን 66 በመቶ ይሰጣታል። ለዚህ ከሠራተኛዋ ደመወዝ 1 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪውም ሌላ 1 በመቶ ይጨምራል። ደመወዟን በእጇ የምትቀበል የሱቅ ሠራተኛ ስሟ መመዝገቡን የምታውቅበት መንገድ ብዙ ጊዜ የላትም። በሁለተኛው ወር ብትጠይቅ ባለሱቁ መዝግቦ መዋጮውን ለማስተካከል ወራት ይኖሩታል። ጥያቄው ስለ እርግዝና አንድም ቃል ማንሣት አያስፈልገውም፤ "ጋሼ፣ ዩአይኤፍ ላይ ስሜ ገብቷል?" ብላ መጀመር ትችላለች።