«ሲስተም አለ» ማለት አይበቃም

ሳሪስ አቦ አስፋልት ዳር ካሉት የባንክ ቅርንጫፎች ወደ አንዱ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሲስተም አለ?» ብሎ ነው። ደንበኛው በዚህ ቢረካ አይፈረድበትም። ሲስተሙን የሚሠሩትና የሚያስተዳድሩት ሰዎች በዚሁ ጥያቄ ሲረኩ ግን ጥፋት ነው። ሶፍትዌሩ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከተፈተሸ፣ ሰርቨሩም ካልተቋረጠ፣ ሁሉ ሰላም ነው ይባላል። እየሠራ ሳለ የተጻፈለትን ደንብ ማክበሩንስ ማን ይጠብቃል?

መዘዙን በ2016 ዓ.ም. አይተናል። የአቦ ዓመታዊ በዓል በዋለ ማግስት፣ መጋቢት 6 ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከተቀማጫቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቋርጥ ድረስ ሰዓታት አለፉ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ ባንኩ ራሱ አስታውቋል። ያላግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አገሩ ሁሉ የተነጋገረው ገንዘቡን ስላወጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሥነ ምግባር ነው። የሰው ገንዘብ መመለስ ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። ግን «ወጪ ከተቀማጭ አይበልጥም» የሚለው የባንክ ሀሁ በመጀመሪያው ሰው ላይ ሲጣስ ለምን አልታወቀም? ልንጮህበት የሚገባው ይህ ነበር።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው አሚር ፕኑዌሊ የፕሮግራምን ባሕርይ በጊዜ ቅደም ተከተል የሚገልጽ ሥነ አመክንዮ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። በዚህ መንገድ «ኤቲኤም ብር ከሰጠ፣ አስቀድሞ ከሒሳቡ ተቀንሷል» የሚል ደንብ ያለ አሻሚነት ይጻፋል። ከዋናው ሶፍትዌር ተለይቶ የቆመ ትንሽ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም እያንዳንዱን ግብይት ከደንቡ ጋር ያመሳክራል፤ ደንቡ ሲጣስ አገልግሎቱን ወዲያው ያግዳል።

«ሲስተሙን ያዘገየዋል፣ ወጪም አለው» የሚሉ አሉ። ሁሉንም ነገር መቆጣጠር እርግጥ ያዘገያል። ማንም ሁሉንም አልጠየቀም፤ ከተጣሱ ጉዳታቸው የማይመለስ ጥቂት ደንቦችን መምረጥ ይበቃል። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድን በረራ 302 እናስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰዎች ባለቁበት አውሮፕላን ላይ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ከሁለት የማዕዘን መለኪያ ሴንሰሮች የአንዱን የተሳሳተ ንባብ አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው። ቦይንግ በኋላ ባደረገው ማሻሻያ የሁለቱ ሴንሰሮች ንባብ በ5.5 ዲግሪ ከተለያየ ሶፍትዌሩ ጣልቃ እንዳይገባ ሆነ። ሁለት ቁጥር ማነጻጸር ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ የመጣው ግን ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ያልተጻፈ ደንብን አያስከብርም፤ ስለዚህ ደንቡን መጻፍ ይቅደም። ብሔራዊ ባንክ እያንዳንዱ ባንክ የማይጣሱ ደንቦቹን በጽሑፍ እንዲያቀርብ፣ ሲስተሙ ሲሻሻልም ሆነ ሲጠገን ተቆጣጣሪው እንዳይጠፋ በመመሪያ ያስገድድ። ተቆጣጣሪ ያላቆመ ባንክ ሌሊት ለሚደርሰው ጥፋት ጠዋት ደንበኛውን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አይገባውም።