ሲሬ ቃሊቲን አትጠብቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ስትጓዙ ባኮን አልፋችሁ ሲሬን ታገኛላችሁ። ዛሬ ስለዚች ከተማ ሽንት ቤት ላወራ ነው። ፊታችሁን እንዳታጨማድዱብኝ!

እንደ አብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞቻችን ሲሬም ያላት የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው። ጉድጓድ ደግሞ ይሞላል። መምጠጫ መኪና ተገኝቶ ቢመጠጥስ የት ይደፋል? ቦታ ካልተዘጋጀለት መድረሻው ገደል ወይም ወንዝ ነው። ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ የሚጠጣም ሰው አለ።

"ትንሽ ከተማ ማጣሪያ ከየት ታመጣለች?" የሚል አይጠፋም። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራ የቃሊቲ ዓይነት ጣቢያ ማን ጠየቀ? ሲሬ የሚያስፈልጋት ከወንዝ የራቀ መሬት፣ ዝቃጩ የሚደርቅበት የአሸዋና የጠጠር መደብ፣ ከዚያ የሚንጠፈጠፈውን ውኃ ተራ በተራ የሚቀበሉ ኩሬዎች ናቸው። ፀሐይና ባክቴሪያ ደመወዝ አይጠይቁም፤ መብራት ጠፋ ብለውም ሥራ አያቆሙም።

ቸል ሲባል ምን እንደሚመጣ አቃቂ ወንዝ ይመስክር። አዲስ አበባ ማጣሪያ ቢኖራትም ቆሻሻዋ ዛሬም በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል፤ በዚያው ውኃ የበቀለው ጎመንም ሰሃናችን ላይ ይመጣል።

ሲሬ ግን ገና ትንሽ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ መሬት ሲሸነሽን አንድ ቁራሽ ለፍሳሽ ያስቀር። ነገ መሬቱም ወንዙም አይገኙም።